ቁልፉ ሹሮ ጣሳ ውስጥ ነበር

ይሄን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ጎረቤት ቡና ለሚሄድ፣ እና በሩን በሦስት ቁልፍ ጠርቅሞ ለሚተኛ። እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ፣ ሁለቱም አስከፍለውኛል። በመጀመሪያው የሄደብኝ ዕቃና ገንዘብ ነው፣ ይተካል። በሁለተኛው ግን እናቴን ላጣ ነበር።

ያደግኩት ደሴ ነው፣ ሆጤ አካባቢ። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነበር፣ መዝጊያው ደግሞ ሽቦ። እውነቴን ነው፣ ሽቦ። ማታ ማታ አባቴ ሽቦዋን ምስማር ላይ ይጠመጥምና ከሥር ድንጋይ ያስጠጋል። ያ ሁሉ ለጅብ ነበር እንጂ ሌባ የሚባል ነገር በሐሳባችንም አልነበረም። ሲመሽ ጅቡ ከጦሳ ተራራ በኩል ይወርዳል፣ ውሾቹ ያብዳሉ፣ እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበን እንሰማለን። የቤቱ በር መወርወሪያ ብቻ ነበረው። ቤታችን ውስጥ በቁልፍ የሚዘጋ ነገር የእናቴ ሳጥን ብቻ ነው።

ቀን ላይ በር መዝጋትማ ነውር ነበር። በራችሁ ከተዘጋ ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ ባልና ሚስት ተጣልተዋል፣ ወይ ተደብቃችሁ እየበላችሁ ነው። ፊት ለፊታችን ያሉ እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ የሚላቸው፣ አንኳኩተው ገብተው አያውቁም። "አማን ናችሁ?" የሚለው ድምፃቸው ከእግራቸው ቀድሞ ይገባል። በረመዳን ለማፍጠሪያ ከሠሩት ሳምቡሳ ሳይደርሰን አይቀርም፣ በበዓል የኛ ድፎ ዳቦ ወደሳቸው ይሻገራል። ሳህን ይዤ ስመላለስ ነው ያደግኩት።

ይሄን የማወራው ለትዝታ ብቻ አይደለም። አሁን ሳስበው ያ ቤት ሳይቆለፍ የኖረው ሁሌም ሰው ስለነበረበት ነው። እናቴ ቤት ትውላለች፣ እቴቴ ደጃፋቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ፣ አዲስ ፊት ከታየ "የማን ልጅ ነህ አንተ?" ይባላል። እኔ ይሄ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ከቤት ስወጣ በር ያለመቆለፍ ልማዴን ይዤ ወጣሁ፣ በሩን ሲጠብቁ የነበሩትን ሰዎች ግን እዚያው ትቻቸው ነው የሄድኩት።

ሥራ ያገኘሁት ኮምቦልቻ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ስትጨርሱ ሌላ አገር ነው። ደሴ ጋቢ ያስደርባል፣ ኮምቦልቻ ሹራብ ያስወልቃል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመርቆ ነበር፣ እንደኔ ለሥራ ብሎ የመጣ ወጣት ብዙ ነው። የተከራየሁት ግቢ ውስጥ ሰባት ክፍል ነበር፣ ሰባት በር፣ ሰባት ዓይነት ሰው። የአንዱን ስም ሳትለምዱ ለቆ ሌላ ይገባል። ሙቀቱ ደግሞ በር ዘግቶ መቀመጥ አያስችልም፣ ስለዚህ እኔም እንደ ደሴዬ ከፍቼ እውላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በተለይ።

አንድ ቅዳሜ ሁለት በር አልፋ ያለችው ልጅ ቡና ጠራችኝ። "አቦሏን ጠጥቼ እመለሳለሁ" ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ሄድኩ። መቼም ቡና ላይ አቦል ጠጥቶ የሚመለስ የለም። ቶናው መጣ፣ በረካው መጣ፣ ጨዋታው ደራ። ስመለስ ቻርጅ ላይ የነበረው ስልኬ የለም። ልብሱ እንደታጠፈ ነው፣ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፣ የዕቁቤ ብር ያለበት ቦርሳ ግን የለም። ከሁለት ቀን በፊት ነበር ዕቁቡ የደረሰኝ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ሳመለክት መርማሪው "በሩ ተሰብሯል?" አለኝ። "አይ" አልኩ። "ተቆልፎ ነበር?" አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም ብሎ መጻፉን ቀጠለ።

ከዚያ መቆለፍ ጀመርኩ። ግን በወሩ ከሥራ ስመለስ በሬ እንደቆለፍኩት ነው፣ የጋዝ ሲሊንደሬ ግን ሄዷል፣ አዲሱ ብርድ ልብሴም። አንድም የተሰበረ ነገር የለም። አከራዬ መጥተው በሩን አዩት፣ ቁልፉን አዩት፣ ጭንቅላታቸውን እከክ እከክ አደረጉና "ካንቺ በፊት የነበረው ልጅ እኮ ቁልፍ ሳይመልስ ነው የሄደው" አሉኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ። ስንት ወር ሙሉ የማላውቀው ሰው የቤቴን ቁልፍ ኪሱ ይዞ ሲዞር ነበር። እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ስሙንም አላውቀውም።

ስለዚህ ተከራዮች፣ እባካችሁ፣ አዲስ ቤት ስትገቡ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ቁልፍ ቀይሩ። በሩን በሙሉ መቀየር አያስፈልግም፣ ብዙ ጊዜ ቁልፉ የሚገባበትን ሲሊንደር ብቻ አውጥቶ መተካት ይቻላል፣ ቁልፍ ሠሪ ወዲያው ይጨርሰዋል። አከራዩን "ስንት ሰው ቁልፍ አለው?" ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም። እኔ ሼም ይዞኝ ሳልጠይቅ ነው የተበላሁት።

ቀጥሎ የመጣውን አሳጥሬ ልለፈው፣ የደሴም የኮምቦልቻም ሰው የየራሱ አለው። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እናቴንና ልጄን ይዤ ወጣሁ። አባቴ ያኔ ካረፈ ቆይቷል። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቷን በር ቆለፈች። እኔው የገዛሁላት ወፍራም ጓጉንቸር ነበር። ቁልፉን ጡቷ ሥር በመሀረብ ቋጥራ መንገዱን ሙሉ በእጇ ትዳብሰው ነበር። ከተማው ህዳር መጨረሻ ላይ ሲለቀቅ ተመለስን። በሩ ክፍት ነው። ጓጉንቸሩ ግን እንደተቆለፈ ነው! አንድም ጭረት ሳይነካው፣ የተቦጨቀ እንጨት ይዞ ተንጠልጥሏል። እናቴ ቁልፉን ከመሀረቡ ፈታ አወጣችና ጓጉንቸሩን በወጉ ከፈተችው። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ጓጉንቸር መማር የነበረብኝ ነገር ነበር። ቁልፍ ከያዘው እንጨት አይበልጥም። እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። ብረት፣ ብዙ ብረት።

ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ መኖር አስጠላኝ። እናቴ ጋ ተመለስኩ፣ በሰርቪስ እየተመላለስኩ መሥራት ጀመርኩ። ባለቤቴ ሥራው ሩቅ ነው፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ቤት ያለነው እናቴ፣ ልጄና እኔ። ሦስት ሴት ብቻችንን ነን እያልኩ ራሴን አስፈራሁት። ብየዳ ቤት ሄጄ የላሜራ በር አሠራሁ። ሁለቱም መስኮት ላይ ፍርግርግ ብረት አስበየድኩ፣ ድፍን፣ የማይከፈት። የግቢውንም በር በብረት አስቀየርኩ። የቤቱ በር ቁልፍ አለው፣ ላዩ ላይ መወርወሪያ አለው፣ ያ አልበቃ ብሎኝ ማታ ማታ ከውስጥ ጓጉንቸር እጨምርበታለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፣ የኔ ጩኸት ግን ጅቡ ከሄደ ሁለት ዓመት በኋላም አልቆመም።

እናቴ አንድ ቀን በሩን ዳብሳ ዳብሳ "ልጄ፣ ሌባውን ነው እኛን ነው ያሰርሽው?" አለችኝ። ሳቅሁባት። መምጣት ያበዙ የነበሩት እቴቴ ደግሞ ቀስ በቀስ ቀሩ። አንድ ምሽት አንኳኩ። "ማነው?" አልኩ። "እኔ ነኝ" አሉ። እስቲ አስቡት፣ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት "ማነው" ተብሎ። ቁልፉን ፈልጌ፣ ጓጉንቸሩን ፈትቼ፣ መወርወሪያውን ስቤ፣ ቁልፉን አዙሬ ስከፍት የሳቸውን ጀርባ ነው ያየሁት፣ በነጠላ የሸፈኑትን ሳህን ይዘው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ። ጠራኋቸው። "ይሁን ልጄ፣ የተኛችሁ መስሎኝ ነው" አሉኝ። ያኔ አልተሰማኝም። አሁን ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል።

የባሰው ቁልፍ መደበቄ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ቁልፍ በሩ ላይ ትተሽ እንዳትተኚ፣ መስታወት ሰብረው በሽቦ ስበው ያወጡታል" ብላኝ ነበር። ነገሩ እውነት ነው፣ ይደረጋል። እኔ ግን አበዛሁት። በየቀኑ ቦታ እቀይር ጀመር። ዛሬ ፍራሽ ሥር፣ ነገ ቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከነገ ወዲያ የስኒ ሳጥን ውስጥ። ሌባ ቢገባ እንኳ አያገኘውም እያልኩ እኮራ ነበር።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልምጣ። 2016፣ ነሐሴ። የደሴን ነሐሴ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ቡና ካልቀመስኩ የሚል ነው። ከሰዓት የጀመረው ዝናብ አላባራም፣ መብራትም ጠፍቷል። እናቴ ቡና አፈላች። በረካ ጠጥተን ስናበቃ ምድጃው ላይ ያለው ፍም ቀይ ነው፣ ያምራል፣ ቤቱም ሞቋል። እናቴ "ከሰሉን አውጭው" አለችኝ። ሁሌም የምትለው ነው። እኔ ግን ሦስቱንም ቁልፍ ቆልፌ ጨርሻለሁ። አሁን ጓጉንቸሩን ፍቺ፣ መወርወሪያውን ሳቢ፣ እንደገና ቆልፊ፣ ዝናቡ ደግሞ እንዲያ እየወረደ... "ተይው እማዬ፣ ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ብቻ ነው፣ ያሙቀን" አልኳት። አመድ አለበስኩት። በበሩ ሥር ብርድ ሲገባ ደግሞ አሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ወተፍኩበት።

ይቺን ቦታ ደግማችሁ አንብቡልኝ። ከሰሉን ያላወጣሁት ቁልፍ መክፈት ስለሰለቸኝ ነው። አደጋ ከውጭ እንዳይገባ ብዬ የደረደርኩት ነገር ውስጥ ያለውን አደጋ እንዳላወጣ አሰነፈኝ። እናቴ ሃምሳ ምናምን ዓመት በመወርወሪያ ብቻ ስትኖር አንድም ቀን ፍም አቅፋ አልተኛችም፣ በሩን ገፋ አድርጋ ታወጣውና ትመለሳለች።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ልጄ ስታስመልስ ነቃሁ። ራሴ በመዶሻ የሚመታ ይመስላል። መጀመሪያ ያሰብኩት እራቱን ነው። ቀጥሎ ጉንፋን መሰለኝ። ልጄን አፏን ጠርጌ ላስተኛት ስል እናቴ ከአልጋዋ ተነሳች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ከዚያ እንደ ጆንያ ወደቀች። ልሮጥ ስል ጉልበቴ የኔ አልሆን አለ። ያኔ ነው ዓይኔ ምድጃው ላይ ያረፈው።

ቁልፉስ? የስልኬን መብራት አብርቼ ፍራሹን ገለበጥኩ። የለም። ቴሌቪዥኑ ጀርባ የለም። የስኒው ሳጥን ውስጥ የለም። ዛሬ የት ነው ያደረግኩት? ሐሳቤ እንደ ቅባት ያንሸራትተኛል፣ አንዱን ቦታ ፈልጌ ስጨርስ መፈለጌን ረስቼ እደግመዋለሁ። ይሄም የጋዙ ሥራ መሆኑን ኋላ ነው የተነገረኝ። በመጨረሻ የቡናውን ዘነዘና አንስቼ የመስኮቱን መስታወት ሰበርኩት። ቀዝቃዛው አየር ገባ። ልጄን አንስቼ ፊቷን ብረቱ ላይ አስጠጋሁት። በዚያ ፍርግርግ ድመት እንኳ አትወጣም፣ እንደዚያ ብዬ ነበር ያስበየድኩት። እናቴን ጎትቼ ወደ መስኮቱ አቀረብኳትና ኡኡ አልኩ።

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ኡኡታ የሚሰማ እንዳይመስላችሁ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ፣ ማንም የለም። ከዚያ በዘነዘናው የላሜራውን በር መደብደብ ጀመርኩ። እሱ ተሰማ። እቴቴ ለሶላት ተነስተው ነበር። "ያ አላህ! የነሱ ቤት ነው!" ሲሉ ሰማኋቸው። ልጃቸው መጣ፣ የግቢው በር ተቆልፏል። አጥር ዘሎ ገባ። መስኮቱ ጋ መጥቶ "ቁልፉን ወርውሪልኝ!" አለኝ። "የት እንዳለ አላውቅም!" አልኩት። አንድ አፍታ ዝም አለ። በዚያ ጨለማ ፊቱን ባላየውም ያቺ ዝምታ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ዲጂኖ አመጡ። በሩ እምቢ አለ። በያጁ ሥራውን አውቆ ነው የሠራው፣ አልወቅሰውም። በመጨረሻ በሩን ትተው ፍሬሙን ከጭቃው ግድግዳ ነቀሉት። ከነፍሬሙ፣ ከነሦስት ቁልፉ ወደ ውጭ ተጋደመ። ቁልፎቹ ሦስቱም እንደተቆለፉ ናቸው። በ2014 ያየሁትን ጓጉንቸር ነው ያስታወሰኝ።

ደጅ ላይ አንዱ ወተት ስጧት ይላል፣ አንዱ ሎሚ አሽቷት ይላል። እቴቴ ሁሉንም ተቆጡና "አየር ስጧት! ባጃጅ ጥሩ!" አሉ። ሆስፒታል ስንደርስ እናቴ ዓይኗን አልገለጠችም። ኦክስጅን ተደረገላት፣ ለልጄና ለኔም። ሊነጋጋ ሲል እናቴ ጭምብሉን ከአፏ ገፋ አደረገችና ቀስ ብላ "ከሰሉን አወጣሽው?" አለችኝ። አለቀስኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ሐኪሙ ያስረዳኝን እንዳለ ላካፍላችሁ፣ እኔ ሳላውቀው ነው እዚህ ዕድሜ የደረስኩት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስልም። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን ነገሩ ያበቃ ይመስለናል፣ ግን ያኔም ጋዙ እየወጣ ነው። አመድ ማልበስ አያድንም። ደማችን ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የጉልበት መክዳት፣ የሐሳብ መደነጋገር፣ ከዚያ ራስን መሳት። አንድ ቤት ያደሩ ሰዎች ሁሉም ባንድ ሌሊት ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፣ ውጡ። ሕፃን፣ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ላይ ይብሳል። ሆስፒታል ስትደርሱ ደግሞ ቶሎ "ከሰል ነው" ብላችሁ ተናገሩ፣ ምክንያቱም ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጋዝ ሊታለልና ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።

ቁልፉን ያገኘሁት በአራተኛው ቀን ነው። ሹሮ ልሠራ ጣሳውን ስከፍት ማንኪያዬን ቀጭ አደረገው። ልቅሶ መጣብኝ። እቴቴ አጠገቤ ነበሩ፣ ከሆስፒታል ከተመለስን ጀምሮ ከቤታችን አልጠፉም። ቁልፉን ከነሹሮው አይተው "ሌባው ሹሮ አይወድም ብለሽ ነው?" አሉኝ። እናቴ ከአልጋዋ ሳቀች። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

እና አሁን እንቆልፋለን ወይ? አዎ፣ እንቆልፋለን። ታሪኩን ስነግራቸው "እንግዲያው ክፍት ትቶ መተኛት ነው" የሚሉኝ አሉ፣ እንደዚያ አላልኩም። የድሮው ሰፈር ድሮ ቀርቷል፣ ግማሹ ቤት ተከራይ ነው፣ ሁላችንም ቀን ሥራ ነው የምንውለው። ግን አቆላለፋችንን ከሥሩ ቀየርነው።

በሩ ላይ አሁን ያለው አንድ ቁልፍ ነው፣ ከውጭ በቁልፍ የሚከፈት፣ ከውስጥ በኩል ግን በጣት ዞር ሲያደርጉት የሚከፈት። ቁልፍ ፍለጋ የለም። ገበያ ላይ አለ፣ ስትገዙ "ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት" በሉ። እሱ ላይ አንድ መወርወሪያ፣ ልጄ በምትደርስበት ቁመት። የውስጡን ጓጉንቸር ጣልኩት። የናንተ በር በቁልፍ ካልሆነ ከውስጥ የማይከፈት ከሆነና ለጊዜው መቀየር ካልቻላችሁ፣ አንድ ምስማር ምቱና ቁልፉን እዚያ ስቀሉት፣ ከበሩ የማይርቅ ግን ከመስኮት እጅም ሽቦም የማይደርስበት ግድግዳ ላይ። ሁሌ እዚያው። ቤት ያለ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ማግኘት አለበት። እኛ ይሄን እንለማመዳለን፣ ለልጄ ጨዋታ ነው የሚመስላት፣ ዓይኗን በሻሽ አስሬ "በሩን ክፈቺ" እላታለሁ፣ ከኔ ትፈጥናለች።

መስኮቱን በተመለከተ፣ ያው ብየዳ ቤት ተመልሼ የአንዱን ፍርግርግ በማጠፊያ እንደ በር የሚከፈት አስደረግኩት። በያጁ መጀመሪያ "ሌባ ይከፍተዋል እኮ" አለኝ። መሸጎሪያዋን ከውጭ እጅ ከማይደርስበት ጎን ላይ እንዲያደርጋት ነገርኩት፣ ሠራው። ብረት ልታስበይዱ ያሰባችሁ ከመጀመሪያው አንዱን እንዲህ አሠሩ፣ ኋላ ቆርጦ ማሠራት ሁለተኛ ወጪ ነው። በር ስታሠሩም ለላሜራው ውፍረት ብቻ አትጨነቁ። ፍሬሙ ግድግዳውን በምን ይዞታል ብላችሁ ጠይቁ። የኔ የጭቃ ቤት በር ሁለት ጊዜ የተሸነፈው በዚያ በኩል ነው። እርግጥ ሁለተኛው ጊዜ እንኳንም ተሸነፈ።

አንድ የማልቀልድበት ነገር አለ። ልጅ ወይም አቅመ ደካማ ቤት ውስጥ ትታችሁ ከውጭ ቆልፋችሁ አትሂዱ። "ሱቅ ደርሼ ልምጣ" ብላችሁም ቢሆን። የምታደርጉት ክፉ ሆናችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሰው አጥታችሁ ነው። ኮምቦልቻ ሳለሁ አንዲት ጎረቤቴ ሁለት ልጆቿን ቆልፋ ፈረቃ ትገባ ነበር፣ እኔ ደግሞ "ጎበዝ፣ ጥንቃቄ ታውቂያለሽ" እላት ነበር። አሁን ባገኛት ልጆቹን እኔ ጋ አምጫቸው ነበር የምላት።

ቡና ስትሄዱ ቆልፉ። ሁለት በር ቢሆንም ቆልፉ፣ በረካ መጠበቃችሁ አይቀርም። ቁልፍ ምንጣፍ ሥር፣ አበባ ማሰሮ ሥር፣ በር ጉበን ላይ አታስቀምጡ፣ ሌባውም እዚያ ነው መጀመሪያ የሚዳብሰው። ትርፍ ቁልፍ ለሰው ስጡ። የምታምኑት ጎረቤት ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ፣ ከብረት በር ይረክሳል። ለዚህ ብላችሁ ቡና ብታፈሉም አትከስሩም።

እኔ ትርፉን የሰጠሁት ለእቴቴ ነው። ወስጄ ስሰጣቸው አገላብጠው አዩት፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት ያለ ቁልፍ ስገባ ኖሬ" አሉና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። እስካሁን አንድም ቀን ተጠቅመውበት አያውቁም። ቀን ላይ እኛ ካለን በሩ እንደ ድሮው ገርበብ ነው፣ ድምፃቸው ቀድሞ ይገባል።

ማታ ማታ እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትጠይቀኛለች። "ከሰሉ ወጣ?"

"ወጥቷል እማዬ።"

"ጋቢው ከበሩ ሥር ተነሳ?"

"ተነስቷል።"

"እንግዲያው ቆልፊው" ትላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።